ከሚያጉረመርመው ሠራተኛ ይልቅ ዝም ያለው ያሳስባል

በአንድ ሆስፒታል አዲስ አሠራር ሊጀመር መሆኑ ሲነገር መጀመሪያ የሚሰማው ጉርምርምታ ነው። ነርሷ በተረኞች ማረፊያ፣ የካርድ ክፍል ሠራተኛው ከመስኮቱ በስተጀርባ፣ ሐኪሙ በሻይ ሰዓት፣ የጽዳት ሠራተኛዋ በኮሪደሩ ላይ «ደግሞ ምን መጣ?» ይላሉ። ይህ ወሬ ኃላፊው ጆሮ ሲደርስ ብዙ ጊዜ መልሱ አጭር ነው፤ «ለውጥ የማይወዱ ናቸው» ይባላል። ከዚያ ስብሰባ ይጠራል፣ ማሳሰቢያ ይጻፋል፣ ጉርምርምታው ጸጥ ይላል። ኃላፊውም ችግሩ የተፈታ ይመስለዋል።

የዚህ ጽሑፍ ሐሳብ ግን ችግሩ የሚጀምረው እዚያ ላይ ነው የሚል ነው። የሠራተኛ ተቃውሞ እንደ ትኩሳት ነው። ትኩሳት ራሱ በሽታው አይደለም፤ በሰውነት ውስጥ የሆነ ነገር እንዳለ የሚናገር ምልክት ነው። ትኩሳቱን በማስታገሻ አብርዶ ምክንያቱን ሳይመረምር በሽተኛውን ወደ ቤቱ የሚሸኝ ሐኪም ጥሩ ሐኪም አንለውም። የሠራተኛውን ተቃውሞ በማስጠንቀቂያ ደብዳቤ አብርዶ «ለውጡ ተተግብሯል» ብሎ ሪፖርት የሚልክ ኃላፊም ከዚያ ሐኪም አይለይም።

ውድ አንባቢያን፣ ይህ የአስተዳደር ጉዳይ በጤና ዓምድ ላይ ምን ያደርጋል ትሉ ይሆናል። በሌላ መሥሪያ ቤት ለውጥ ሲከሽፍ የሚጠፋው ጊዜና ገንዘብ ነው። በሆስፒታል ሲከሽፍ ግን ዋጋውን የሚከፍለው አልጋ ላይ የተኛው ሰው ነው። ያ ሰው ዛሬ ሌላ ቢሆንም ነገ እኛ ወይም ልጆቻችን ልንሆን እንችላለን።

አንድ ዝርዝር፣ የተለያየ ውጤት

ነገሩን በደንብ የሚያሳይ አንድ እውነተኛ ታሪክ አለ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2008 ለቀዶ ሕክምና ክፍሎች አንድ ገጽ የማይሞላ የማረጋገጫ ዝርዝር አዘጋጀ። ቼክሊስቱ 19 ነጥቦች አሉት። ባለሙያዎቹ ሦስት ጊዜ ቆም እንዲሉ ያዛል፤ ማደንዘዣ ከመሰጠቱ በፊት፣ ቆዳ ከመቀደዱ በፊት እና በሽተኛው ከቀዶ ሕክምና ክፍሉ ከመውጣቱ በፊት። የሚጠየቁት ጥያቄዎች ቀላል ናቸው። በሽተኛው ማን ነው? የሚቀደደው በየትኛው በኩል ነው? የማይስማማው መድኃኒት አለ? የቡድኑ አባላት በስምና በሥራ ድርሻ ይተዋወቃሉ? መርፌው፣ ጨርቁና መሣሪያው ተቆጥሮ ልክ መጥቷል?

ዝርዝሩ በተለያዩ የዓለም ከተሞች በሚገኙ ስምንት ሆስፒታሎች ተሞከረ። ከእነዚህ አንዱ በጎረቤታችን አካባቢ በታንዛኒያ ኢፋካራ የሚገኝ ነበር። እ.ኤ.አ. በጥር 2009 የወጣው ውጤት የሕክምናውን ዓለም አስገረመ። ከቀዶ ሕክምና በኋላ የሚደርሰው ሞት ከ1 ነጥብ 5 በመቶ ወደ 0 ነጥብ 8 በመቶ ወረደ። ከባድ የጤና መወሳሰብም ከ11 በመቶ ወደ 7 በመቶ ቀነሰ። ይህን ያመጣው ውድ መሣሪያ ወይም አዲስ መድኃኒት ሳይሆን አንድ ወረቀትና የሰዎች መነጋገር ነበር።

እንዲህም ሆኖ ተቃውሞ አልቀረም። ዝርዝሩን ከተጠቀሙት ባለሙያዎች መካከል ወደ 20 በመቶ የሚሆኑት ለአጠቃቀም ቀላል እንዳልሆነና ጊዜ እንደሚወስድ ተናገሩ። ሆኖም «እናንተ ራሳችሁ ቀዶ ሕክምና ቢደረግላችሁ ዝርዝሩ እንዲነበብ ትፈልጋላችሁ?» ተብለው ሲጠየቁ 93 በመቶው «አዎ» አሉ። ይህ ብዙ ያስተምራል። የሚያጉረመርመው ሰው የለውጡን ዓላማ ይጠላል ማለት አይደለም። የከበደው አፈጻጸሙ ሊሆን ይችላል።

የታሪኩ ሁለተኛ ክፍል በካናዳ ኦንታሪዮ ግዛት የሆነው ነው። ግዛቲቱ ይህንኑ ዝርዝር እ.ኤ.አ. በ2010 በሆስፒታሎቿ ሁሉ ግዴታ አደረገች፤ ሆስፒታሎቹም አፈጻጸማቸውን ለሕዝብ ይፋ እንዲያደርጉ አዘዘች። ከየሆስፒታሉ የመጣው ሪፖርት እጅግ የሚያስደስት ነበር፤ ዝርዝሩ ሁልጊዜ ማለት ይቻላል ይሞላል የሚል ነበር። እ.ኤ.አ. በ2014 ተመራማሪዎች 101 ሆስፒታሎችን መርምረው ያገኙት ግን ሌላ ነው። ሞት ከ0 ነጥብ 71 በመቶ ወደ 0 ነጥብ 65 በመቶ ብቻ ነበር የወረደው፤ ይህም በስታቲስቲክስ መለኪያ ለውጥ አለ ለማለት የሚያበቃ አልነበረም።

ለምን እንዲህ ሆነ በሚለው ላይ ባለሙያዎች ብዙ ተከራክረዋል። ጥናቱ የሸፈነው ጊዜ አጭር ነው ያሉ አሉ፤ ሞቱ ቀድሞውንም ዝቅተኛ ነበር ያሉም አሉ። በተደጋጋሚ የተነሳው ማብራሪያ ግን በወረቀት ላይ ምልክት ማድረግና ሥራውን መሥራት ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸው ነው። በተቃራኒው በአሜሪካ ሳውዝ ካሮላይና ግዛት ሆስፒታሎች በፈቃዳቸው ገብተው፣ ዝርዝሩን ለራሳቸው ሁኔታ እያስማሙ፣ ባለሙያዎቻቸውን እያወያዩ ተገበሩት። መርሐ ግብሩን እስከ መጨረሻው በተከታተሉት 14 ሆስፒታሎች ከቀዶ ሕክምና በኋላ የሚከሰተው ሞት 22 በመቶ መቀነሱ እ.ኤ.አ. በ2017 ይፋ ሆኗል።

እንግዲህ ወረቀቱ ያው ነው፤ የተለየው አገባቡ ነው። ከዚህ የምንማረው ጮክ ብሎ «ይህ ነገር አይሠራም» የሚለው ሠራተኛ ያን ያህል አደገኛ አለመሆኑን ነው። አደገኛው፣ ተስፋ ቆርጦ ወይም ፈርቶ ዝም ካለ በኋላ ያልተደረገውን «ተደርጓል» ብሎ ምልክት የሚያደርገው ነው። የመጀመሪያው ያለውን ችግር ያሳየናል። ሁለተኛው ግን ችግሩን ከነበሽተኛው ይደብቅብናል።

«ሲስተም የለም»

ወደ አገራችን እንመለስ። በ2008 ዓ.ም የተጀመረው የጤናው ዘርፍ የአምስት ዓመት የትራንስፎርሜሽን ዕቅድ ካነገባቸው አራት አጀንዳዎች አንዱ «የመረጃ አብዮት» የሚለው ነበር። ከዚያ ወዲህ ከወረቀት ካርድ ወደ ኮምፒውተር የተሸጋገሩና በመሸጋገር ላይ ያሉ የጤና ተቋማት ጥቂት አይደሉም። ዓላማው የሚደገፍ ነው። ካርድ ጠፋ ተብሎ የሚመለስ በሽተኛ እንዳይኖር፣ የላቦራቶሪ ውጤት በእጅ ተይዞ እንዳይዞር፣ ሐኪሙ የታካሚውን ታሪክ ወዲያው እንዲያገኝ ነው።

ይሁንና በዚህ ሽግግር ላይ የሚነሱትን ቅሬታዎች ልብ ብሎ ለሰማ ሰው አብዛኞቹ የሕክምና ጥያቄዎች ናቸው። «መብራት ሲጠፋ የበሽተኛውን የመድኃኒት ታሪክ ከየት ላግኝ?» የምትለው ነርስ ቴክኖሎጂ አልጠላችም፤ ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ መርፌ ልትወጋ ስትል ስለሚገጥማት ነገር እየጠየቀች ነው። «በወረቀትም በኮምፒውተርም ጻፉ ተባልን» የሚለው ባለሙያ ሰነፍ አይደለም፤ ሁለት ጊዜ የሚጻፍ ነገር በሁለት ቦታ ሁለት ዓይነት ሆኖ ሊጻፍ እንደሚችል ያውቃል። «ዓይኔ ስክሪኑ ላይ ተተክሎ በሽተኛውን ማየት አቃተኝ» የሚለው ሐኪምም ቢሆን እውነተኛ ነገር ተናግሯል።

እነዚህ ጥያቄዎች መልስ ሳያገኙ ሥራው በግዴታ ከተጀመረ ምን እንደሚሆን ማንኛውም ተገልጋይ ያውቀዋል። ሁላችንም ከመስኮት ፊት ቆመን «ሲስተም የለም» የሚለውን ቃል ሰምተናል። አንዳንድ ጊዜ ሲስተሙ በእርግጥ የለም። አንዳንድ ጊዜ ግን የሌለው ሠራተኛው ለሲስተሙ ያለው እምነት ነው።

ተቃውሞ ሁሉ አንድ አይደለም

ሐኪም ትኩሳት ያለበትን ሁሉ በአንድ መድኃኒት እንደማያክመው ሁሉ፣ ኃላፊም ተቃውሞን ሁሉ በአንድ ስም ሊጠራው አይገባም። ቢያንስ አምስት ዓይነት ምክንያት መለየት ይቻላል።

አንደኛው የችሎታ ሥጋት ነው። ሃያ ዓመት ያገለገለች፣ ደም ሥር ፈልጎ በማግኘት የታወቀች ነርስ ኮምፒውተር ፊት ስትቀመጥ ከትናንት ምሩቅ በታች ትሆናለች። «አልፈልግም» የምትለው «አልችልም» ማለት ስለሚያሳፍራት ሊሆን ይችላል። ለዚህ መድኃኒቱ ሰው ሳይሰበሰብ የሚሰጥ፣ ጊዜ ወስዶ የሚያለማምድ ትምህርት ነው።

ሁለተኛው የሥራ ጫና ነው። በአንድ ተረኛ ብዙ በሽተኛ በሚጠበቅበት ክፍል አዲስ ቅጽ መጨመር ከሌላ ነገር ላይ ደቂቃ መቀነስ ነው። የሚቀነሰው ደግሞ ብዙውን ጊዜ ከበሽተኛው ጋር የሚነጋገሩበት ጊዜ ነው።

ሦስተኛው ያለፈ ልምድ ነው። «እባብ ያየ በልጥ በረየ» እንዲሉ፣ የመንግሥት ሠራተኛው ቢፒአር ሲመጣ ሠልጥኗል፣ ቢኤስሲ ሲመጣ ሠልጥኗል፣ ካይዘን ሲመጣም ሠልጥኗል። ከእያንዳንዳቸው የተረፈ ጥሩ ነገር አለ። ግን የተጀመረው ሁሉ እስከ መጨረሻው ሲያዝ ስላላየ «ይህም ያልፋል» ብሎ መጠበቅን ተምሯል። የትርፍ ሰዓት ክፍያው ለወራት የዘገየበት ባለሙያም አዲስ ግዴታ ሲነገረው መጀመሪያ የሚያስበው ያልተከፈለውን ነው። አሮጌውን ቃል ሳያከብሩ አዲስ ቃል ማስገባት ይከብዳል።

አራተኛው የሙያ ሕሊና ነው። ባለሙያው አዲሱ አሠራር በሽተኛን ሊጎዳ የሚችልበትን ቀዳዳ አይቷል። ይህ ተቃውሞ እንደ ስጦታ ሊቆጠር ይገባል።

አምስተኛው የግል ጥቅም ነው፤ እሱም አለ ብሎ መናገር ያስፈልጋል። ወረፋው በኮምፒውተር ሲመዘገብ ዘመድ ማስቀደም ለለመደ ሰው አይመችም። የመድኃኒት ክምችት በየዕለቱ ሲታይ ከመደርደሪያ ላይ ለሚወስድ ሰው አይመችም። እንዲህ ዓይነቱ ተቃውሞ በውይይት ሳይሆን በደንብና በሕግ ነው የሚታረመው። አሳዛኙ ነገር፣ ኃላፊዎች ተቃዋሚውን ሁሉ በዚህ በአምስተኛው ዓይን ሲያዩ የቀሩትን አራቱን በደል ያደርሱባቸዋል፤ እውነተኛው ጥቅመኛ ደግሞ በቅን ተቃዋሚዎች መካከል ተደብቆ ይኖራል። ለይቶ ማድመጥ የሚጠቅመው ለዚህም ነው።

ነገ በማይታወቅበት ጊዜ

ጊዜው የተረጋጋ ሲሆን ይህ ሁሉ ቀላል ይመስል ይሆናል። ነገ ምን እንደሚመጣ በማይታወቅበት ጊዜስ? በአገራችን የመጀመሪያው የኮሮና ቫይረስ ታማሚ መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም መገኘቱ ሲገለጽ የጤና ባለሙያው ለመዘጋጀት ዓመታት አልነበሩትም። የኤካ ኮተቤ ሆስፒታል ለኮቪድ ሕክምና ተለየ፣ የሚሊኒየም አዳራሽ የሕክምና ማዕከል ሆነ፣ ባለሙያዎች ከቤተሰባቸው ተለይተው መሥራት ጀመሩ።

በዚያ ወቅት መመሪያው ራሱ ይለዋወጥ ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት መጀመሪያ ላይ ጤነኛ ሰው ሁሉ በየአደባባዩ ጭምብል እንዲያደርግ አይመክርም ነበር፤ ግንቦት 28 ቀን 2012 ዓ.ም ደግሞ ሥርጭቱ በተስፋፋባትና ርቀት መጠበቅ በማይቻልባቸው ቦታዎች ኅብረተሰቡ የጨርቅ ጭምብል እንዲጠቀም መከረ። ዕውቀት ሲጨምር ምክር መቀየሩ ጤናማ ነው። ግን «ትናንት ሌላ ብላችሁን ነበር» የሚል ሠራተኛም አልተሳሳተም። የሚያስቀይመው መቀየሩ ሳይሆን የተቀየረበትን ምክንያት የሚነግረው ሰው ማጣቱ ነው።

ያለንበት ጊዜም ከሥጋት ነፃ አይደለም። በጥር ወር 2017 ዓ.ም የአሜሪካ መንግሥት የውጭ ዕርዳታውን ሲያግድ በብዙ የአፍሪካ አገሮች በፕሮጀክት ገንዘብ ይከፈላቸው የነበሩ የጤና ሠራተኞች ሥራቸው ጥያቄ ውስጥ ገብቷል። የሥራ መደቡ ነገ ይኑር አይኑር ያላወቀ ሰው አዲስ አሠራር ሲነገረው መጀመሪያ የሚጠይቀው «እኔ የት ነኝ?» ብሎ ነው። ይህ ጥያቄ ካልተመለሰ ሌላው ማብራሪያ ሁሉ ከጆሮው አያልፍም።

ስለዚህ በአስጨናቂ ጊዜ የኃላፊ ትልቁ መድኃኒት ሦስት ዓረፍተ ነገር ነው። የምናውቀው ይህ ነው። የማናውቀው ይህ ነው። በሚቀጥለው ሰኞ ተገናኝተን አዲስ ነገር ካለ እነግራችኋለሁ። ሦስተኛው ከሁሉ ይበልጣል፤ ሰኞ ሲደርስ አዲስ ነገር ባይኖር እንኳን ተገኝቶ «የለም» ማለት ያስፈልጋል። ባዶውን ቦታ ኃላፊው ካልሞላው ወሬ ይሞላዋል።

ምን ይደረግ?

ለጤና ተቋማት ኃላፊዎች የሚከተለውን እንመክራለን። አዲስ አሠራር በሆስፒታሉ ሁሉ በአንድ ቀን ከመጀመሩ በፊት በአንድ ወይም በሁለት ክፍል ይሞከር። ከሞካሪዎቹ መካከል ዋነኛው ተቺ ይኑርበት፤ ያ ሰው ካመነበት ከማንኛውም ደብዳቤ በላይ ሌላውን ያሳምናል። አንድ ቅጽ ሲጨመር አንድ አሮጌ ቅጽ ይሰረዝ። ኮምፒውተር ሲገባ መብራት በጠፋ ጊዜ የሚሠራበት የወረቀት አሠራር አስቀድሞ ይዘጋጅ፣ ሁሉም ይወቀው።

ስብሰባ ብዙ ጊዜ የሚጠራው ቀን ነው፤ የሌሊት ተረኞች ለውጡን የሚሰሙት ከሌላ ሰው አፍ ነው። ኃላፊው በወር አንድ ሌሊት ከተረኞች ጋር ቢያመሽ በስብሰባ የማይሰማውን ይሰማል። የጽዳት ሠራተኞች፣ የካርድ ክፍል ሠራተኞች፣ በሽተኛ አመላላሾችና የጥበቃ ሠራተኞችም መረሳት የለባቸውም። በሽተኛ ከሐኪሙ በፊት የሚያገኘው እነሱን ነውና።

የተነሱት ጥያቄዎች በሚታይ ሰሌዳ ላይ ይጻፉ፤ በእያንዳንዳቸው ፊት «ተስተካክሏል»፣ «በሂደት ላይ ነው» ወይም «አይቻልም፣ ምክንያቱም...» የሚል መልስ ይስፈር። ሠራተኛ የጠየቀው ሁሉ እንዲፈጸምለት አይጠብቅም። የጠየቀው መሰማቱን ማወቅ ግን ይፈልጋል። ከሁሉ በላይ፣ «አልሠራሁትም» ብሎ እውነቱን የተናገረ ሰው ከሚቀጣበት ቤት እውነተኛ ሪፖርት እንደማይወጣ ኃላፊዎች ይወቁት።

ለጤና ባለሙያዎች ደግሞ ይህን እንላለን። መቃወም መብታችሁ ብቻ ሳይሆን በሽተኛው ሲጎዳ ካያችሁ ግዴታችሁም ነው። ግን በኮሪደር የሚነገር ጉርምርምታ ማንንም አያድንም። ቅሬታችሁን ከአንድ የተወሰነ ችግር ጋር አያይዙት፤ መቼ፣ በየትኛው ክፍል፣ በሽተኛው ላይ ምን ሊያደርስ እንደሚችል ንገሩ፤ ከተቻለም ሌላ መንገድ ጠቁሙ። በጽሑፍ አድርጉት። ተወያይታችሁ ከተወሰነ በኋላ ግን አሠራሩን በቅን ልብ ለተወሰነ ጊዜ ሞክሩት፤ ያልተሞከረ ነገር አይሠራም ማለት ለመፍረድ መቸኮል ነው። ያላደረጋችሁትን ግን በፍጹም «አድርጌያለሁ» ብላችሁ አትፈርሙ። ያ ምልክት ከእናንተ በኋላ ተረኛ የሚሆነውን ባልደረባችሁን ያሳስተዋል።

ተገልጋዮችም ድርሻ አለን። አዲስ አሠራር በተጀመረበት ተቋም ስንታከም የምንወስዳቸውን መድኃኒቶችና የማይስማማንን መድኃኒት ስም በወረቀት ይዘን እንሂድ፤ ኮምፒውተሩ ቢዘጋ ወረቀቱ ይናገራል። ለቀዶ ሕክምና ስንገባ ስማችንንና የሚቀደደውን ቦታ ደጋግመው ቢጠይቁን «አልሰማችሁኝም ወይ?» ብለን አንቆጣ፤ እንዲያውም ካልጠየቁን እኛ እናንሳው። ያ ጥያቄ ከስህተት የሚጠብቀን አጥር ነው። ቅሬታ ሲኖረንም በመስኮቱ ላይ ያገኘናትን ሠራተኛ ከመስደብ ለቅሬታ ሰሚው ክፍል ማቅረብ ይሻላል። ብዙ ጊዜ እሷም ያንኑ ቅሬታ ከእኛ ቀድማ አንስታለች።

«በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት አይገኝለትም» የሚለው አባባል ለሰው ብቻ የተነገረ አይመስለንም፤ ለሆስፒታልም ይሠራል። በሠራተኛው አፍ የሚወጣውን «እንቢ» በጊዜው የሚመረምር ተቋም መድኃኒቱን ያገኛል። ዝምታን እንደ ስምምነት የሚቆጥር ተቋም ግን በሽታውን የሚያውቀው በሽተኛ ከተጎዳ በኋላ ነው።

ቸር ይግጠመን።